ኮንቨርቲብል ሲታዘዝ የሚመረጠው ሦስት ቀለም ነው

ጥያቄ፦ «ባለ አራት ወንበር ኮንቨርቲብል፣ ጣሪያው የሚከፈትና የሚዘጋ መኪና፣ ልናዝዝ ነው። ጣሪያው ሸራ ነው። የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። መኪናው የሚያድረውም የሚውለውም ደጅ ነው። ባለቤቴ "የድሮ ክፍት መኪና ሁሉ ጥቁር ነበር፤ ጥቁር ይሁን" ይላል። እኔ ነጭ ፐርል ወድጃለሁ። ልጆቹ ደግሞ ቢጫ ካልሆነ ብለው አስቸግረውናል። ቢያንስ 10 ዓመት ልንይዘው አስበናል። የትኛው ይሻለናል?»

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ቤተሰብ አንድ ላይ ተቀምጦ በመኪና ቀለም ሲከራከር መስማት ደስ ይለኛል። ከ20 ዓመት በላይ በቦዲና በቀለም ሥራ ላይ ነኝ። ቀለም በብሮሹር አይቶ፣ በአንድ ቀን ወስኖ፣ በዓመቱ «ይቀየርልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ። እናንተ ከማዘዛችሁ በፊት መጠየቃችሁ ጥሩ ነው።

ግን አራታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ክርክራችሁ በሙሉ ስለ ቦዲው ነው። ኮንቨርቲብል ላይ የሚመረጠው ሦስት ቀለም ነው፤ የወንበሩ፣ የሸራው እና የቦዲው። ጣሪያው ሲከፈት ወንበሩ ውጪ ሆነ ማለት ነው። አላፊ አግዳሚው ቦዲውን ባየበት ዓይን ወንበራችሁንም ያያል። ጣሪያው ሲዘጋ ደግሞ ከመስኮት በላይ ያለው ሁሉ ሸራ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ ቦዲውን በፍቅር ይመርጥና ለሸራውና ለወንበሩ የተገኘውን ይወስዳል። እኔ የምመክረው ከውስጥ እንድትጀምሩ ነው። ቀጥሎ ሸራው። ቦዲው መጨረሻ።

እንግዲህ ከወንበሩ እንጀምር። ሌላ መኪና ላይ ወንበሩን ጣሪያው ይጋርድለታል። እዚህ ጸሐይ በቀጥታ ያርፍበታል። ጥቁር ቆዳ ጣሪያው ተከፍቶ ጸሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ፣ ቁምጣ የለበሰ ልጅ ሲቀመጥበት ይጮሃል። ይህን ያልኩት ለማጋነን አይደለም፤ በራሴ ልጅ አይቼዋለሁ። አንዳንድ አምራቾች ለዚህ መፍትሔ አበጅተዋል። ለምሳሌ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የ3 ሲሪዝ ኮንቨርቲብሉ ላይ የጸሐይ ጨረርን መልሶ የሚያንጸባርቅ ቀለም የተቀባ ቆዳ ይዞ መጥቶ ነበር። የምታዝዙት መኪና እንዲህ ዓይነት ቆዳ ካለው ጥቁርም ይቻላል። ከሌለው ጥቁር ወንበር ለልጆች አልመክርም።

ታዲያ ነጭ ወይም ክሬም ይሁን? እሱም ሌላ ጣጣ አለው። አዲስ ጂንስ ክሬም ቆዳ ላይ ሰማያዊ ቀለሙን ይተዋል። ልጆች ከኋላ ተቀምጠው የፊተኛውን ወንበር ጀርባ በጫማ ይረግጣሉ። እርሱ ለ10 ዓመት አይዘለቅም። መሀከለኛ ቡናማ፣ ወይም ፈካ ያለ የኮርቻ ቆዳ የሚመስል ቀለም ግን ሁለቱንም ያስታርቃል። እንደ ጥቁር አይግልም፣ እንደ ክሬም ቆሻሻ አይናገርም። ሲያረጅም ያምርበታል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የወንበሩ ቀለም ፈካ ቢልም የዳሽቦርዱ የላይኛው ክፍል ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ይሁን። ፈዛዛ ዳሽቦርድ በጸሐይ ጊዜ ምስሉ የፊት መስታወቱ ላይ ይወድቃል። ሾፌሩ መንገዱን በነጭ መጋረጃ ውስጥ እንደሚያይ ይሆናል። ብዙ አምራቾች ዳሽቦርዱን በነባሪው ጠቆር አድርገው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ፈዛዛ ዳሽቦርድ በአማራጭ ከቀረበላችሁ እንዳትታለሉ።

ወደ ሸራው ልምጣ። ስለ ሙቀት የሚወራው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ስለ ቦዲ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ሁለት ሆንዳ ሲቪክ፣ አንዱን ጥቁር አንዱን ብርማ፣ ጸሐይ ላይ አቁመው ለክተው ነበር። የብርማው ጣሪያ ከጥቁሩ እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቀዝቅዞ ተገኘ። የውስጡ አየርም ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ አለ። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ግን ልብ በሉ፤ እነዚያ መኪኖች የብረት ጣሪያ አላቸው። የእናንተ ጣሪያ ጨርቅ ነው። እናንተን ከላይ የሚያሞቃችሁ የሸራው ቀለምና ውፍረት ነው፤ ኮፈኑ ነጭ ሆነ ጥቁር ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ «ነጭ ከሆነ ይቀዘቅዛል» የሚለው ሐሳብ ኮንቨርቲብል ላይ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ቦዲው ነጭ፣ ሸራው ጥቁር፣ ወንበሩ ጥቁር የሆነ መኪና ቆሞ ሲውል ይግላል።

ያ ማለት ግን ፈዛዛ ሸራ ይግዙ ማለቴ አይደለም። የክሬም ሸራ ሲገዙት ያሳሳል። ደጅ ለሚያድር መኪና ግን ፈተና ነው። የወፍ ኩስ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ጥላሸት፣ እርጥበት ሲቆይ በስፌቱ ላይ የሚወጣ አረንጓዴ ሻጋታ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሸራ እንደ ቦዲ ፖሊሽ አይደረግም። በለስላሳ ብሩሽና ለሸራ በተሠራ ሳሙና ታሽቶ፣ ደርቆ፣ ውኃ የሚያንሸራትት መድኃኒት ይቀባል። ጋራዥ ያለው ሰው ይሞክረው። ለእናንተ ጠቆር ያለው ይሻላል። ጠቆር ማለት ደግሞ የግድ ጥቁር አይደለም። ድቅድቅ ሰማያዊ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ከሰል የሚመስል ግራጫ አለ። እነዚህ ከጥቁር ይልቅ ለዓይን ይለሰልሳሉ። እኔ በግሌ ድቅድቅ ሰማያዊ ሸራ እወዳለሁ። በደመና ጥቁር ይመስላል፣ ጸሐይ ሲያገኘው ይነቃል።

አሁን ቦዲው። እዚህ ላይ ስለ ቀለሙ አሠራር ትንሽ ልንገራችሁ፤ ምርጫው ከዚያ ይመጣል። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም ከታች እስከ ላይ ተደምሮ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከሁለት ጸጉር ብዙም አይበልጥም። ከታች ዝገት የሚከላከለው አለ፣ ቀጥሎ ለቀለሙ መደብ የሚሆነው ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከላይ ክሊር የምንለው እንደ መስታወት የሚያሳልፍ መከላከያ ንብርብር። ቀለም የምንለው ራሱ 15 ማይክሮን ገደማ ሆኖ ስስ ነው። ጸሐዩን፣ ውኃውን፣ ጭረቱን የሚሸከመው ከላይ ያለው ክሊር ነው፤ እሱም ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። ፖሊሽ ባስደረጋችሁ ቁጥር ከሱ ላይ ትንሽ ይነሳል። ስለዚህ ጭረት የሚያሳይ ቀለም መምረጥ ማለት ፖሊሽ የሚበዛበት፣ ክሊሩ ቶሎ የሚያልቅ መኪና መምረጥ ማለት ነው።

የባለቤትዎ ጥቁር ችግሩ ይኸው ነው። ታጥቦ በወጣበት ቀን ጥቁርን የሚያክል የለም፤ እውነቱን ነው። በሁለተኛው ቀን አቧራው ይታያል። በስድስተኛው ወር ጸሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር የሚመስል ጭረት ይወጣል። ይህ የእጥበት ጭረት ነው፤ ሁሉም መኪና ላይ አለ፤ ጥቁር ግን አይደብቀውም። ቤተሰብ የሚነዳው ኮንቨርቲብል ላይ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ጣሪያው ሲከፈት የበሩ አናትና ከኋላ ወንበር ጎን ያለው ቦዲ የክንድ ማሳረፊያ ይሆናል። ሰዓት፣ ቀለበት፣ የቦርሳ ዚፕ እዚያ ያርፋል። ልጅ በር መክፈት ትቶ ዘሎ ይገባል። የሦስት ልጆች አባት የሆነ ደንበኛ አንድ ጥቁር ኮንቨርቲብል በሁለተኛው ወሩ አምጥቶልኝ ነበር። የኋላው ጎን ከላይ በኩል ሙሉውን በቀበቶ ዘለበት ተፍቋል። ጥፍር የሚይዘው ጭረት ነበር፤ ፖሊሽ አያነሳውም። እንደገና ቀባነው። በዓመቱ ያንኑ ቦታ ይዞ ተመለሰ።

መኪናው ለሌላ ሾፌር በቀላሉ ስለመታየቱም ላንሳ፤ ልጆች ስላሉ። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ጥቁር መኪና በቀን ብርሃን ከነጭ ጋር ሲነጻጸር የአደጋ ዕድሉ 12 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ቁጥር ከፍጥነትና ከአነዳድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን ዝም ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ጠቆር ያለ ቀለም ከመረጣችሁ መብራቱን ቀንም ቢሆን አብሩት።

«የድሮ ክፍት መኪና ሁሉ ጥቁር ነበር» ለሚለው ደግሞ ባለቤትዎን በአክብሮት ላርማቸው። የዚያ ዘመን ታዋቂ መኪና የነበረው ፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ በጥቁር ብቻ የወጣው ከ1914 እስከ 1925 ነው፤ እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት ቀይም፣ አረንጓዴም፣ ሰማያዊም፣ ግራጫም ነበረው። በ1923 መጨረሻ ደግሞ ኦክላንድ የተባለው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ቶሎ በሚደርቅ አዲስ ቀለም፣ በሰማያዊ ተቀብቶ ታየ። የ1924 ሞዴል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀለም ለሁሉም ሰው ሆነ። የድሮውን መንፈስ ከፈለጉ ሰማያዊና አረንጓዴም የድሮ ናቸው።

ወደ እርስዎ ነጭ ፐርል ልመለስ። ውበቱን አልክድም። ጸሐይ ሲያገኘው ከውስጥ የሚያበራ ይመስላል። ጭረት ይደብቃል፣ በምሽትም ይታያል። የማስጠነቅቅዎት ስለ ጥገናው ነው። ተራ ነጭ ከሥር ቀለም፣ ከላይ ክሊር ነው። ነጭ ፐርል ግን ባለ ሦስት ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ነጭ መደብ፣ በላዩ ብልጭ የሚል ማይካ የያዘ ስስ ንብርብር፣ ከዚያ ክሊር። ያ መካከለኛው ንብርብር አንድ ጊዜ ቢያንስ ወይም ቢበዛ ቀለሙ ይለወጣል። ጠንቃቃ ቀቢ መኪናውን ከመንካቱ በፊት ናሙና ካርድ ላይ ባለ 1፣ ባለ 2፣ ባለ 3፣ ባለ 4 ንብርብር እያደረገ ይረጭና ከመኪናው ጋር ያስተያያል። ከዚያም የተጎዳውን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን ፓራፋንጎ ወይም በር ጭምር እያሳሳ ይቀባል። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንድ በር ሦስት ጊዜ ቀብቼ ሦስቴ ፍቄያለሁ። አሁን ያ ሲታወሰኝ የማዝነው ለጊዜዬ ሳይሆን ለደንበኛው ነው፤ ሳምንት ሙሉ ያለ መኪና ቆይቷል። ደጅ የሚያድር፣ ልጆች የሚጫወቱበት የ10 ዓመት መኪና ቢያንስ አንድ ሁለት ጊዜ ቀቢ ዘንድ መሄዱ አይቀርም። ነጭ ካሉ ተራው ነጭ ይሻልዎታል።

ነጭ ኮንቨርቲብል ላይ ሌላም የዓይን ነገር አለ። ነጭ ቦዲ ከጥቁር ሸራ ጋር ሲሆን ልዩነቱ በጣም ይጎላል። ጣሪያው ሲዘጋ መኪናው ባርኔጣ የደፋ ይመስላል። አንዳንዱ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን ሸራውና ቦዲው ሲቀራረቡ፣ መኪናው አንድ ወጥ ሆኖ ሲታይ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው የተዘጋ ነው፤ በዝናብ፣ በብርድ፣ ቆሞ ሲያድር። ምርጫችሁን በተከፈተው ፎቶ ብቻ አትፍረዱ።

የብርማ ጉዳይ አስገራሚ ነው። ጭረትና አቧራ በመደበቅ ማንም አይደርስበትም። ሲጋጭ ግን ለቀቢ ራስ ምታት ነው። በውስጡ ያለው የአልሙኒየም ቅንጣት በመርጫው ግፊትና በቀለሙ እርጥበት አቀማመጡ ይለያያል። ከፊት ሲያዩት የገጠመ፣ ከጎን ሲያዩት ጠቆር ያለ ይሆናል። ምንም የማያብረቀርቅ ማት ቀለም ደግሞ ለእናንተ ፈጽሞ አይሆንም። ማት ፖሊሽ አይደረግም። ከተጫረ ተጫረ ነው፤ ክፍሉን ሙሉ መቀባት ብቻ ነው መውጫው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። መሀከለኛ ጥቁረት ያለው ሜታሊክ (ብልጭ የሚል የብረት ቅንጣት ያለበት) ሰማያዊ፣ ወይም ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ ሜታሊክ። ሸራው ድቅድቅ ሰማያዊ ወይም ከሰል ግራጫ። ወንበሩ መሀከለኛ ቡናማ፣ ዳሽቦርዱ ጠቆር ያለ። ቀለል ያለ የእጥበት ጭረት በብልጭታው ውስጥ ይጠፋል። አቧራም ጭቃም እንደ ጥቁርና እንደ ነጭ አይጮህበትም። ከጥቁር ይልቅ ይታያል፤ ከብርማ ይልቅ ለጥገና ይገራል። ሰማያዊና ቡናማ ደግሞ ጣሪያው ሲከፈት አብረው ያምራሉ። ባለቤትዎ የሚፈልጉትን ክብደት ያገኛሉ። እርስዎም የሚፈልጉትን ብርሃን።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን ቀለሙን በአካል እዩት። ስክሪን ላይ ያለውን አትመኑ፤ የሜታሊክ ጠባይ በማዕዘን ነው የሚታወቀው፣ ስክሪን ደግሞ ማዕዘን የለውም። የጥፍር ስፋት ባለው ናሙናም አትወስኑ። ያው ቀለም ሰፊ ቦታ ላይ ሲሆን ፈክቶና ደምቆ ይታያል። ናሙናው ላይ «ትንሽ ጠቆረ» ያላችሁት መኪናው ላይ ልክ ሊሆን ይችላል። የምትፈልጉት ሞዴል ባይገኝ እንኳ በዚያው ቀለም የተቀባ ሌላ መኪና ፈልጉ። ማሳያ ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ደጅ አስወጥታችሁ እዩት። ቀትር ላይ አንዴ፣ ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዴ፣ ጥላ ውስጥ አንዴ። ሁለት ቀለሞች በአንድ መብራት አንድ መስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ የወንበሩን ቆዳና የሸራውን ጨርቅ ናሙና ይዛችሁ ቦዲው ላይ ደግፋችሁ በጸሐይ እዩ። ይህን የሚያደርግ ገዢ እምብዛም አላየሁም። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው።

ደጅ ስለሚያድር ሁለት ነገር ልጨምር። የወፍ ኩስ አሲድነት አለው። ጸሐይ ክሊሩን ስታሞቀው ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ኩሱን አቅፎ ይጠነክራል፣ ቅርጹም ይቀራል። ጠቆር ያለ ቀለም ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። እርጥብ ጨርቅ መኪናው ውስጥ ይኑር፤ ያዩት ለት አርጥባችሁ አንሱት፣ ደረቁን አትፈግፍጉ። ሁለተኛው ልጆችን የምትቀቡት የጸሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ክፍት መኪና ስለሆነ ያስፈልጋቸዋል፤ አትተዉት። ግን ክሬም የነካ እጅ በሩ አናት ላይ ካረፈና ጸሐይ ላይ ከዋለ የእጁ ቅርጽ ክሊሩ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል። ጋራዤ ውስጥ አምስት ጣቷ ቁልጭ ብሎ የቀረ የትንሽ ልጅ እጅ አይቻለሁ። በዕለቱ በሳሙና ውኃ ከታጠበ ምንም አይሆንም።

ስትረከቡ የቀለሙን ኮድ ጻፉት። ብዙ ጊዜ በበሩ ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈን ሥር በተለጠፈው ላይ ይገኛል። የቦዲው፣ የሸራውና የወንበሩ ኮድ ለየብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ወንበር ቢቀደድ የምትፈልጉት እሱን ነው።

የቀሩት ልጆቹ ናቸው፤ ቢጫውን አልረሳሁትም። ቢጫ በሩቁ የሚታይ፣ ደስ የሚል ቀለም ነው። ሲሸጥም ዋጋ ያዋርዳል የሚባለው ትክክል አይደለም። አይሲካርስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ንጽጽር ዋጋቸው በትንሹ ከቀነሰ ቀለሞች ቀዳሚው ቢጫ ነበር። ብዙዎቹ ቢጫ መኪኖች ጥቂትና የስፖርት መሆናቸውም ሳይረዳው አይቀርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቢጫ ሥሩን የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው። ሲጠገን ትክክለኛው ፕራይመር ሥሩ ካልገባ ቀለሙ ከቀረው ቦዲ ይለያል። ደግሞ 10 ዓመት ረጅም ነው። የ9 ዓመቱ ልጅ ያኔ 19 ይሞላዋል፤ ዛሬ የወደደውን ላይወደው ይችላል። ቡናማው ወንበር ላይ ግን የስፌቱን ክር ቀለም ማስመረጥ የሚፈቅዱ አምራቾች አሉ። ሻጩን ጠይቁት። ካለ የክሩን ናሙና ለልጆቹ ስጧቸውና እነሱ ይወስኑ። ቢጫ ክር ቡናማ ቆዳ ላይ በጣም ነው የሚያምረው።